የተጠየቅከውን ብቻ መልስ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4

ደብተር ግዛ አለችኝ፣ ገዛሁ። ያለችኝ ሚስ ፒኖክ ናት፣ ጠበቃችን። «ኦሼን፣ በቀን አምስቴ ከምትደውልልኝ ያለውን ነገር ሁሉ ጻፈው። ቀኑን ጻፍ፣ ማን ምን እንዳለ ጻፍ። አርብ አርብ አንዴ ትደውልና የሚረባውን ትነግረኛለህ» አለችኝ። አምስቴ ደውዬ አላውቅም። ቢበዛ አራቴ ነው።

እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ። ትምህርት ስምንተኛ ላይ ነው የተውኩት። ግን ከሰፈራችን ከፔላም ጋፕ እስከ ከተማ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ በአስራ ሰባት ደቂቃ የሚጨርስ የታክሲ ሹፌር በሴንት ሜሪ አውራጃ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ይሄን ደሞ የትኛውም ትምህርት ቤት አያስተምርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማማ የምትኖርበት ግቢ የቤተሰብ መሬት ነው። አያቴ ሳሙኤል ተሎክ ገዝቶት በ1983 ሞተ፣ ኑዛዜ የለ ምን የለ። የቤተሰብ መሬት ደሞ የደሙ ሁሉ ነው። ማንም አይሸጠውም፣ ማንም ማንንም አያባርርም። የፈለገ መጥቶ ይኖራል፣ የሞተ መጥቶ ይቀበራል። ይሄን ጃማይካ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የአጎቴ የአስትሊ ልጅ ኮርትኒ ግን እዛ እንግሊዝ በርሚንግሃም ቁጭ ብሎ፣ የሳሙኤል ንብረት አስተዳዳሪ እኔ ነኝ የሚል ወረቀት አስወጣ። ቪላ ለሚሠራ ሰውዬ ሊሸጠው ነው። ለማማ ልቀቂ የሚል ደብዳቤ ላከላት። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዛ ግቢ ውጪ ያደረችው እኔን ልትወልድ ሆስፒታል የገባች ቀን ብቻ ነው።

ችሎቱ ኖቬምበር 14፣ ኪንግስተን። እናሸንፋለን። አለቀ።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 6

ተራ ላይ ነኝ። ለመሙላት ሁለት ሰው ጎድሎኛል።

ዲጎ ከኋላዬ ነው ያለው። የእሱ መኪና ከኔ ያረጀ ነው፣ አፉ ግን አዲስ ነው።

«ጠበቃህ ሴት ናት አሉ?»

«አዎ።»

«ትጮሃለች?»

«አትጮህም። ታነባለች።»

«ታነባለች! ፓስተራችንስ ሲያነብ አይደል የሚውለው፣ ማን ዳነ?»

ተራው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ከነከነኝ። ጉዳያችንን ከያዘች ዓመት ከሁለት ወሯ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ ስትመታ አላየኋትም።

ሞላ። ልንዳ።


አርብ፣ ሴፕቴምበር 8

ዛሬ ማማን ይዤ ቢሮዋ ሄድን። ትንሽ ቢሮ ናት፣ ከፋርማሲው በላይ። ለጠበቃ የምትሆን ቢሮ አትመስልም። ማማ የእቁብ እጣዋን ሙሉውን ለዚች ሴት ነው የሰጠችው፣ ቢያንስ የቆዳ ወንበር ይኖራታል ብዬ ነበር።

ሚስ ፒኖክ ማማን እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ከዛ እንዲህ አለች፣ ልክ እንዳለችው ነው የምጽፈው፦

«ሚስ አይሲልዳ፣ ሕጉ የቤተሰብ መሬት የሚባል ነገር አያውቅም። እርስዎ ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ እኔም በእንደዛ ዓይነት ግቢ ነው ያደግኩት። ወረቀቱ ግን አያውቀውም። የቀረን መንገድ አንድ ነው። ከአስራ ሁለት ዓመት በላይ መሬቱን ብቻዎን፣ እንደ ባለቤት፣ ሌላው ዘመድ ድርሻ እንደሌለው አድርገው ይዘዋል ብለን ማሳየት።»

ማማ ፊቷን አጨማደደች። «ድርሻ እንደሌለው? የአስትሊን ልጅ?»

«እሱ ነው ችግራችን» አለች ሚስ ፒኖክ። «ግን አጥሩን ያጠሩት እርስዎ ነዎት፣ ግብሩን የከፈሉት እርስዎ ነዎት። ቤቱን ማዕበሉ ሲያፈርሰው የሠሩት እርስዎ ነዎት። እሱን እናሳያለን። ከአስር አራት ብዬ እገምታለሁ። አሸንፋለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ቃል የሚገባልዎት ጠበቃ ካገኙ ይሽሹት።»

ማማ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ልቤ ሞቀ። ከአስር አራት ማለት ግማሽ ሊሞላ ነው። ግማሽ ከሞላ ደሞ በኔ በኩል ያለው ይጨመርበታል።

ተራ ላይ ለዲጎ «ጠበቃዋ ራሷ አልቋል አለች» ብዬ ነገርኩት። ብሎ ብሎ አመነ።


አርብ፣ ሴፕቴምበር 15

ስልክ ብደውል ጸሐፊዋ «ችሎት ላይ ናቸው» አለችኝ። ሁልጊዜ ችሎት። የማን ችሎት? የኛ በኖቬምበር ነው!

ስለዚህ አራት ተሳፋሪ እንደጫንኩ ቢሮው በር ላይ አቆምኩና ወጣሁ። አለች! ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጣለች።

«ኦሼን፣ ባለጉዳይ ይዣለሁ።»

«እኔም ባለጉዳይ ነኝ። ትልቅ ነገር አግኝቻለሁ። ኮርትኒ ሁለት ሚስት ፈትቷል!»

መነጽሯን አወለቀች። «ይሄ ለመሬቱ ምን ይሠራል?»

«ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያሳያላ!»

«ዳኛዋ ኮርትኒን ልታገባው አይደለም» አለች። ሽማግሌው ሳቀ። ታች ደሞ ተሳፋሪዎቹ የኔኑ ጡሩምባ እየነፉብኝ ነው።

በር ድረስ ሸኘችኝና ሦስት ነገር ነገረችኝ። ስለ ጉዳዩ ለማንም አታውራ። ስልክ ላይ ምንም አትለጥፍ። ግቢው ውስጥ ያለውን ምንም ነገር አትንካ፣ አትቀይር። እሺ አልኳት።

ስመለስ ለዲጎ ነገርኩት፣ «ምስጢር እንድይዝ አዛኛለች» ብዬ። ቀናብኝ።


እሁድ፣ ሴፕቴምበር 24

ዛሬ ጭንቅላት ማለት ምን እንደሆነ አሳየሁ።

የኛ ግቢ ልጅ ሁሉ ዛፍ አለው። ልጅ ሲወለድ እትብቱ ተቀብሮ ላዩ ላይ ዛፍ ይተከላል። የማማ ብሬድፍሩቱ ነው፣ ፍሬው እንደ ዳቦ የሚጠበሰው፣ ከቤቱ ይበልጣል። የኔ ኮኮናቱ፣ ትንሽ ጋደል ይላል ግን ብዙ ያፈራል። የኮርትኒ አኪው ነው፣ ቀይ ፍሬ የሚያፈራው፣ በሩ ጋ ያለው። እሱም እዚሁ ነው የተወለደው፣ በአራት ዓመቱ ነው ወደ እንግሊዝ የወሰዱት። አስራ ሁለት ዛፍ ቆጠርኩ። ለዳኛ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ስንት ዘመን እዚህ እንደነበርን ግንዱ ይናገራል።

ነጭ ቀለም ገዛሁና ሁሉም ላይ ስምና ዓመት ጻፍኩ። አይሲልዳ 1960። ኮርትኒ 1971። ኦሼን 1996። እንዴት እንዳማረ! አስራ ሁለቱንም ፎቶ አነሳሁና የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት፣ «ሥር ያለው አይነቀልም!» ብዬ። ቶሮንቶ ያለችው አክስቴ ልብ ላከች። ኮርትኒ ራሱ አውራ ጣት ላከ። አፍሮ ነው።

ማማ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ምን አድርገሃቸው ነው?»

«ዳኛዋ እንድታይ ነው።»

«ዳኛዋ እዚህ ድረስ ልትመጣ?»

«ፎቶውን ነዋ፣ ማማ።»

ባልዲዋን አነሳችና የኮርትኒን አኪ ውሃ አጠጣች፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ለዚህ ሰውዬ ዛፍ እንዴት ውሃ ታጠጫለሽ ብላት «ዛፉ ምን አደረገ» አለች።

ለሚስ ፒኖክ አልነገርኳትም። ችሎት ቀን ትገረም።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ማስ በርቼል ወደቀ። ጎረቤታችን ነው፣ ሰማንያ አራት ዓመቱ፣ ከማማ ሌላ ዋናው ምስክራችን። ግማሽ አካሉ አይንቀሳቀስም፣ አፉም ተጣሟል። ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ በአስራ አራት ደቂቃ። ዶክተሯ «ትንሽ ቀድሞ ቢሆን» ብላ ተወችው። ከአስራ አራት ደቂቃ በታች ማን ይነዳል?


አርብ፣ ኦክቶበር 6

ሚስ ፒኖክ ሌላ ምስክር አላችሁ ወይ አለች። ሌሎቹ አንድም ሞተዋል፣ አንድም ቪላው ሲሠራ ሥራ እናገኛለን ብለው ዝም ብለዋል።

«እኔ አለሁ!» አልኳት።

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«አጥሩን ከእናትህ ጋር አጥረሃል?»

«ምሰሶውን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። አሥር ዓመቴ ነበር።»

«እሺ» አለች። ደስ ያላት አልመሰለኝም። ግን እሺ አለች።


አርብ፣ ኦክቶበር 13

ኮርትኒ ፈራ!! በጠበቃው በኩል ደብዳቤ ላከ። ቤቱን፣ መቃብሮቹን፣ የዝናብ ውሃ ታንኩን፣ በዙሪያው ያለውን ቁራሽ ለማማ በስሟ ላዛውርላት፣ ቀሪውን ልሽጥ ይላል። መልስ እስከ ረቡዕ።

ሚስ ፒኖክ ደብዳቤውን ሰጥታኝ «ይሄን ለእናትህ ስጣት፣ ሰኞ ይዘሃት ና፣ ቁጭ ብዬ ላነብላት እፈልጋለሁ» አለች። «ኦሼን፣ ስማኝ። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ነው ያሳለፍኩት። ይሄ ጥሩ ነው። ከዚህ የተሻለ አናገኝም ብዬ ነው የማስበው።»

እኔም በልቤ አልኩ፣ አይ ሚስ ፒኖክ፣ የሚያሸንፍ ሰው ይደራደራል እንዴ? ዶሚኖ ተጫውተሽ አታውቂም ማለት ነው። ሰውየው ላብ ሲያጠምቀው ነው ጠጠሩን የሚያሳይሽ። ሩብ ተቀብለን ልንቀመጥ? ግማሹ ዛፍ ከአጥሩ ውጪ ሊቀር? የኔ ኮኮናት እኮ ከአጥሩ ውጪ ነው የሚሆነው። ተራ ላይ ምን ብዬ ልቆም ነው?

ደብዳቤው መኪናው ኪስ ውስጥ ነው።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 16

ዝናቡ ድልድዩ ጋ መንገዱን ናደው። ማማን ይዤ መውረድ አልቻልኩም። ብቻዬን በእግር ተሻግሬ በሌላ ታክሲ ሄድኩ (ሹፌሩ ኤሊ ነው)።

ሚስ ፒኖክ «ደውልና አገናኘኝ» አለች። ማማ ስልክ የላትም፣ ስልኩ የኔ ነው። «ደም ግፊቷ ተነስቶ ተኝታለች» አልኳት። ደም ግፊት አለባት፣ ውሸት አይደለም።

«እንግዲያው ምን እንደምትፈልግ በፊርማዋ አምጣልኝ። አንብብላት። ሁለቱንም ወገን ንገራት፣ እኔ ያልኩትንም ጨምር።»


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 18

የማማ መነጽር አንዱ መስታወት ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ላሠራላት እያልኩ ነው።

«ምንድነው?» አለች።

«ጉዳዩን እንቀጥላለን የሚል ወረቀት ነው።»

«ሚስ ፒኖክ ናት ያለችው?»

«እሷ ናት የላከችው።»

ፈረመች። ፊርማዋ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው።

ቢሮ ስወስደው ሚስ ፒኖክ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «አንብበህላታል?»

«ቃል በቃል።»

ብዙ አየችኝ። እኔም አየኋት። ዓይኔን አልሰበርኩም፣ እኔ ዓይን መስበር አላውቅም።


አርብ፣ ኦክቶበር 27

ዛሬ ሚስ ፒኖክ ለምስክርነቱ አለማመደችኝ። ልምምድ እንኳ አይባልም፣ «እንዲህ በል አልልህም፣ እውነቱን ነው የምትናገረው» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የተጠየቅከውን ብቻ መልስ። ከዛ ዝም በል። ዝምታው ቢከብድህም ዝም በል። የሚሞላው የኮርትኒ ጠበቃ ይሁን እንጂ አንተ አትሙላው።»

«ሚስ ፒኖክ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አይቸግረኝም።»

«አውቃለሁ» አለች። ግንባሯን ይዛ ነበር። ራስ ምታት ይዟት ይሆናል።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 2

አንዲት ተሳፋሪ፣ የዓሣ ቅርጫት ይዛ ኋላ የተቀመጠች፦ «ልጄ፣ ጠበቃ ብቻ አይበቃም። ወንዙ ማዶ ያለው ሰውዬ ጋ ሂድ። የዛኛውን ጠበቃ ምላስ ያስርልሃል።»

በጠንቋይ አላምንም አልኳት።

ሄድኩ። ሎሚ ላይ ክር ጠመጠመና ትራስህ ሥር አድርገህ ተኛ አለኝ።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 13

ነገ ነው። ሸሚዝ ተተኩሷል። ማማ አልበላችም። እኔ ሁለቴ በላሁ። ጥሩ ነኝ። በጣም ጥሩ ነኝ።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14

ገና አሁን ነው የገባነው። ከኪንግስተን ስነዳ ነው የመጣሁት።

ማማ ቀድማ ነው የቆመችው። ድምፅዋ አይሰማም ነበር። አጥሬያለሁ፣ ከፍያለሁ፣ ሠርቻለሁ አለች። የኮርትኒ ጠበቃ፣ አንድ ቀጭን ትሁት ሰውዬ፣ ብዙም አላስጨነቃት። ኮርትኒ በስክሪን ነበር የሚታየው፣ ራሰ በራ ሆኗል፣ ማማን ሲያይ እጁን አወዛወዘላት። እሷም አወዛወዘችለት!

ከዛ እኔ ተጠራሁ። ቆምኩ። ሸሚዜን አስተካከልኩ። ስለ አጥሩ ጥሩ አድርጌ መለስኩ። ቀጭኑ ሰውዬ ተነሳና ፎቶ አሳየኝ። የኔን ፎቶ! ኮርትኒ ከግሩፑ ወስዶት ነው።

«ሚስተር ተሎክ፣ ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። በእጄ።»

«ኮርትኒ 1971 ይላል። ምን ማለት ነው?»

አዎ ወይ አይደለም የሚባል ጥያቄ አይደለም እኮ። ማስረዳት አለብኝ። «የኮርትኒ ዛፍ ነዋ። እትብቱ የተቀበረው እዛ ሥር ነው። ማማ ናት ሃምሳ ዓመት ውሃ ስታጠጣለት የኖረችው። ከዛ ዛፍ አንድ ፍሬ የቀጠፈ ልጅ በቀበቶ ነው የሚገረፈው፣ የኮርትኒ ነው እየተባለ። እኔ ራሴ ተገርፌበታለሁ!» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዛ መጻፍ ጀመረች። ብዙ ጻፈች። ሚስ ፒኖክ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባቱ ሚስተር አስትሊ በ2009 ሞተው አስከሬናቸው ከእንግሊዝ ሲመጣ፣ እዛ ለመቅበር እናትህን ያስፈቀደ ሰው ነበር?»

«ማስፈቀድ?» አልኩ። በጣም ተናደድኩ፣ ማማን እንደ ክፉ ሰው ሊያስመስላት ነው ብዬ። «ሰው በገዛ መሬቱ ለመቀበር ያስፈቅዳል እንዴ? እኛ ጋ በሩ ለማንም ተዘግቶ አያውቅም!»

 እንዲህ ጸጥ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም።

«አመሰግናለሁ ሚስተር ተሎክ። ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።

ሦስት ጥያቄ! ሦስት ብቻ ጠይቆኝ ሸሸ። ፈርቶኝ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሚስ ፒኖክ ወረቀቶቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እንዴት ነበርኩ?» ስላት «እናትህን ውሰዳት፣ ደክሟታል» አለች። መኪና ውስጥ ማማ «እውነቱን ነው የተናገርከው» አለችኝ። እያየችኝ አልነበረም፣ በመስኮቱ ነበር የምታየው።

ለዲጎ ደውዬ ነገርኩት። «ታዲያ ማሸነፍ ነው መሸነፍ?» አለ ያ ደደብ። ማሸነፍ ነዋ። ነው።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 20

«በሩ ለማንም ተዘግቶ አያውቅም።» እየነዳሁ ያቺ ቃል ትመጣብኛለች። ዓሣ ገበያው ጋ አንድ ተሳፋሪ ሳላወርድ አለፍኩ።

ሴፕቴምበር ላይ የጻፍኩትን መለስ ብዬ አነበብኩ። ሚስ ፒኖክ ብቻዎን ነበር ያለችው፣ ሌላው ድርሻ እንደሌለው አድርገው።

አይ። ይሄን ሁሉ ማወቅ ያለባት ጠበቃዋ ናት። ለምን ተነስታ አልጮኸችም? ጠበቃ የሚከፈለው ለመጮህ ነው።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 29

ማስ በርቼል ዛሬ ተቀበረ። በራሳቸው ግቢ፣ ከእናቱ አጠገብ። ማማ ስትመለስ የኛን መቃብሮች አረም ነቀለች። የአስትሊንም።

ሎሚው ትራሴ ሥር ደርቋል። ሰውየው የሚያስረውን ምላስ ተሳስቷል።


ሰኞ፣ ዲሴምበር 11

ተሸነፍን።

ዳኛዋ አሥር ደቂቃ ነው ያነበበችው። እንዲህ አለች፦ «የተከሳሿ ልጅ በግልጽነቱ ፍርድ ቤቱን ረድቷል። ወይዘሮ አይሲልዳ መሬቱን የያዙት ለቤተሰቡ እንጂ ቤተሰቡን አግልለው እንዳልሆነ ከእሱ አንደበት ተሰምቷል።» ከኔ አንደበት። ስሜንም ጠራችው።

ውጪ ደረጃው ላይ ሚስ ፒኖክ ማማን አቀፉና «ሚስ አይሲልዳ፣ አዝናለሁ። ያን ጊዜ የቀረበልዎትን ተቀብለው ቢሆን ምን ነበረበት» አሉ።

ማማ አየቻቸው። ከዛ እኔን አየች። ከዛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደክመውልኛል» አለቻቸው።

ወደ ቤት ተነሳን። ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት። ሁሉም ሲያልፈኝ ነበር።

«ምን ሰጥቶን ነበር?» አለች።

«ቤቱን።»

ወንዙ ጋ ደረስን።

«መቃብሮቹንስ?»

«መቃብሮቹንም።»

ድልድዩን ተሻገርን።

«ታንኩንስ?»

«እሱንም፣ ማማ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ብትሰድበኝ፣ በቀበቶ ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ስንደርስ ባልዲዋን አነሳች።


ረቡዕ፣ ዲሴምበር 13

ለሚስ ፒኖክ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። አላነሱም። ድምፅ ተውኩላቸው። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። አንቺ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ እሱን ብቻ ልጻፍ።


አርብ፣ ዲሴምበር 15

እሳቸው ደወሉ። «አርብ ነው» አሉ።

ስለ ድምፁ አላነሱም። ይግባኝ እንድታስብ አልመክርህም፣ የምስክርነቱን ነገር ይግባኝ አያጠፋውም አሉ። እስከ ጃንዋሪ 31 እንድንቆይ ለምነው ተፈቅዷል። መቃብሮቹን በዓመት አንድ ቀን መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ እሱንም በጽሑፍ አድርጌዋለሁ አሉ። በዓመት አንድ ቀን። በሩን ሌላ ሰው ከፍቶልን።

ከዛ «ኦሼን፣ ያን ወረቀት አንብበህላት ነበር?» አሉ።

ዝምታው ከበደኝ። አልሞላሁትም።

«እሺ» አሉ። «ራስህን ጠብቅ።»


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 6

ዲጎ ዛሬ ምንም አላለም። ተራውን ለቀቀልኝ። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ከፋርማሲው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየሁ። መስኮቷ ግድግዳ ነው የሚያየው። ማማ «ጥሩ ናት» አለች። የት ነው ልብስ የማሰጣው አላለችም።


እሁድ፣ ጃንዋሪ 28

ዕቃው ሁሉ መኪናው ላይ ነው። ሁለት ጉዞ በቃን። ስልሳ ሦስት ዓመት በሁለት ጉዞ።

የመጨረሻውን ስጭን ማማ ባዶ የማርጋሪን ቆርቆሮ ይዛ መጣች።

«ያንተን አውጣልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«እትብትህን። ከኮኮናቱ ሥር። ያን ዛፍ ሲጥሉት እዛ አይቅር። እኔ ራሴ ነኝ የቀበርኩት፣ በባሕሩ በኩል፣ ክንድ ያህል ወርደህ።»

አካፋ ይዤ ሄድኩ። ኦሼን 1996 ይላል፣ ቀለሙ ገና አልለቀቀም። ቆፈርኩ። ክንድ ወረድኩ፣ ሁለት ክንድ ወረድኩ። በባሕሩ በኩል ቆፈርኩ፣ በሌላውም በኩል። ሥር ነው ያለው። ሥር፣ አፈር፣ አንድ የተሰበረ ጠርሙስ። ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ ምን ሊተርፍ ነው? ዛፉ በልቶታል። እጄ እስኪላጥ ቆፈርኩ።

አፈሩን ዘግኜ ቆርቆሮው ውስጥ አደረግኩና ከደንኩት።

ማማ ባልዲዋን ይዛ አኪው ጋ ቆማ ነበር። የመጨረሻውን ውሃ አፍስሳለት ባልዲውን ገልብጣ ግንዱ ላይ አስደገፈችው። ሳትወስደው። ከዛ መጥታ መኪናው ውስጥ ገባች፣ ቆርቆሮውን ተቀብላኝ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አገኘኸው?»

«አዎ» አልኳት።

ዝም አልኩ። ሞተሩን አስነሳሁ።